ሰር ፊሊፕ ሚቸል «የኢትዮጵያ ባለውለታ» ነበር እንዴ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ሰር ፊሊፕ ሚቸል የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ሚቸልን ለማታውቁት፦ ከ1935 እስከ 1940 የኡጋንዳ፣ ከ1942 እስከ 1944 የፊጂ፣ ከዚያ እስከ 1952 የኬንያ ገዥ የነበረ እንግሊዛዊ ነው። በመሀል፣ ጣልያን ከአገራችን በተባረረ ማግስት፣ የእንግሊዝ ጦር የፖለቲካ ሹም ሆኖ ከጃንሆይ ጋር ተደራድሯል። (ዓመቶቹም፣ ወሮቹና ቀኖቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ጽሑፉ ሰውየውን ያወድሳል። ባጭሩ እንዲህ ይላል። ሚቸል የኢትዮጵያን ነጻነት በፊርማው ያረጋገጠ ወዳጅ ነበር። በኡጋንዳ የማከሬሬን ኮሌጅ አሳደገ። በኬንያ አፈር ታጥቦ እንዳያልቅ ታገለ። ዘር ሳይለይ ሁሉም የሚሳተፍበት መንግሥት ጀመረ። ሰላማዊ አገር አስረክቦ ሄደ፤ ማው ማው የተባለው ፀረ እንግሊዝ ዐመፅ የመጣው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። በመጨረሻም፣ ሰውን በዘመኑ ሚዛን እንጂ በዛሬው መመዘን ግፍ ነው።

አንዱን ነጥብ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ሌሎቹ ወይ ግማሽ እውነት ናቸው፣ ወይ ቀኑን እንኳ ያልጠበቁ ናቸው። በተራ ልሂድባቸው። የእኛው ጉዳይ ላይ ግን ትንሽ እቆያለሁ።

«የኢትዮጵያን ነጻነት በፊርማው አረጋገጠ»

ፊርማውስ አለ። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት ሲፈረም በአንድ በኩል ጃንሆይ፣ በሌላ በኩል ሚቸል ፈርመዋል። ጽሑፉ ከዚህ ቀን ይጀምርና እዚሁ ያበቃል። ከፊርማው በፊት ያሉትን ዘጠኝ ወራት ግን አያነሳቸውም። ነገሩ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ሳምንት ሳይሞላ፣ ግንቦት 3 ቀን፣ ሚኒስትሮቻቸውን ሾሙ። ሎሬንሶ ታእዛዝ የውጭ ጉዳይ፣ መኰንን እንዳልካቸው የአገር ግዛት፣ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። ሹመቱ የእንግሊዝን ሹማምንት አላማከረም፤ እነሱም ደነገጡ። የሚቸል ምክትል የነበረው ብርጋዴር ሞሪስ ለሽ ቀርቦ ተቃወመ። ክርክሩ፣ ከጣልያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ሥልጣን ሊይዙ አይችሉም የሚል ነበር። እንግዲህ አስቡት። አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጋ አገር፣ ሥልጣኑን ለመረከብ የወራሪውን ፊርማ ይጠብቅ ተባለ።

ይህ የለሽ የግል ቁጣ አልነበረም። ሚቸል የሚመራው ክፍል ኢትዮጵያን ከጠላት እንደ ተያዘ ግዛት ቆጥሮ ለማስተዳደር የተቋቋመ ነበር። ሕጉን፣ ገንዘቡን፣ ፖሊሱን፣ ፍርድ ቤቱን ሁሉ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ማድረግ የተለመደ አሠራሩ ነው። ለንደን ግን ቀድማ ሌላ ቃል ሰጥታ ነበር። አንቶኒ ኤደን በየካቲት 4 ቀን 1941 በፓርላማ ቀርቦ እንግሊዝ ነጻ ኢትዮጵያን እንደምትደግፍና የመሬት ፍላጎት እንደሌላት ተናግሯል። ስለዚህ ነጻነቱን ያረጋገጠው ሚቸል ነው ማለት አይቻልም። ቃሉ ሚቸል ከመምጣቱ በፊት ተሰጥቷል፤ ከቃሉም በፊት አርበኛው ጫካ ነበር። የሚቸል ሥራ ያ ነጻነት ምን ያህል ጠባብ ሊሆን እንደሚችል መደራደር ነበር።

ጠባብነቱን ለማየት ውሉን ማንበብ ይበቃል። የእንግሊዝ ሚኒስትር በአዲስ አበባ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቅድሚያ ይኑረው ተባለ። ጃንሆይ እንግሊዛውያን አማካሪዎችን ይቀጥራሉ፤ ከሌላ አገር አማካሪ ለማምጣት ግን እንግሊዝን ማማከር አለባቸው። እንግሊዛውያን ዳኞች ፍርድ ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። ኦጋዴን፣ በሶማሌላንድ ድንበር ያለው ምድርና የጅቡቲው ባቡር መስመር በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ይቆያሉ። ይሄ ሁሉ የተፈረመው «ነጻ አገር» ከምትባል ኢትዮጵያ ጋር ነው።

ጽሑፉ «ሚቸል ከባድ ድጎማ አስገኘልን» ይላል። ገንዘቡ እውነት ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን፣ ለሦስተኛው ግማሽ ሚሊዮን፣ ለአራተኛው ሩብ ሚሊዮን ተብሎ ተጽፏል። ካዝናው ባዶ ለነበረ መንግሥት ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን የሚቀንስ ድጎማ ያለው ውል ድጎማው ሲያልቅ አማካሪውና ዳኛው አብረው እንዲያልቁ አያዝም። ደግሞም በዚያው ወቅት የእንግሊዝ ጦር ጣልያን ትቶት የሄደውን ማሽንና ንብረት የጠላት ምርኮ ነው እያለ ጭኖ ያወጣ ነበር። ሒሳቡን የምናወራ ከሆነ በሁለቱም አምድ ይጻፍ።

እዚህ ላይ ወደ ሌላው ጫፍም መሄድ አልፈልግም። አንዳንድ የእኛ ጸሐፊዎች ሚቸል ኢትዮጵያን ቅኝ ግዛት ሊያደርግ አሲሮ ነበር ይላሉ። ይህን የሚያህል ሴራ አይታየኝም። እኔ የማየው አንድ የለመደውን ሥራ የሚሠራ ጎበዝ አስተዳዳሪ ነው። ሚቸል የሰለጠነው በታንጋኒካ (ዛሬ የታንዛኒያ አካል) ነው። እዚያ ከ1919 ጀምሮ 16 ዓመት ያህል አገልግሏል። የገዥው የዶናልድ ካሜሮን ቀኝ እጅ ሆኖ፣ በአገሬው አለቆች አማካይነት መግዛት የሚባለውን ዘዴ የአገሬው ጉዳይ ጸሐፊ ሆኖ ሥራ ላይ ካዋሉት አንዱ ነው። በዚያ ዘዴ አለቃው ይከበራል፣ ወንበሩ ይጠበቅለታል፤ ከአጠገቡ የሚቀመጠው እንግሊዛዊ ግን የመጨረሻውን ቃል ይናገራል። ሚቸል አዲስ አበባ ሲመጣ ይዞት የመጣው ይህንኑ ልምድ ነው። ጃንሆይን የትልቅ ነገድ አለቃ አድርጎ ያያቸው ይመስለኛል።

ልዩነቱ ያለው ከጠረጴዛው ማዶ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው። ታንጋኒካ ውስጥ የነበረው አለቃ «አይሆንም» ቢል ይሻራል። ጃንሆይ ግን «አይሆንም» ማለት ይችሉ ነበር። ሹመታቸው አልተሻረም። ረቂቁ ላይ ወራት ተከራከሩ፤ በመጨረሻም ኢትዮጵያ ነጻና ሉዓላዊት መሆኗ የታወቀበት ውል ላይ ፈረሙ። ይህችን ቃል ይዘው ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር ግንኙነት አጠበቁ። ገና በ1944 ኢትዮጵያ ውሉ በሌላ እንዲተካ ጠየቀች። ሎርድ ደ ላ ዋር ከለንደን መጣና በታኅሣሥ 19 ቀን 1944 አዲስ ስምምነት ተፈረመ። የቅድሚያው ነገር ቀረ፣ ባቡሩ ተመለሰ። በ1945 የራሳችን ገንዘብ ታትሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከገበያ ወጣ። ኦጋዴን ግን እስከ 1948፣ በሶማሌላንድ ድንበር ያለው ሐውድ ደግሞ እስከ 1955 በእንግሊዝ እጅ ቆይተዋል። ሚቸል የፈረመው ወረቀት ጥላው እስከዚህ ድረስ ሄዷል። ባለውለታ የሚለው ቃል እዚህ ውስጥ የት እንደሚገባ ጸሐፊው ቢያሳዩን ጥሩ ነበር።

«ማከሬሬን አሳደገ»

ይህን እቀበላለሁ። ማከሬሬ በ1922 የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ሆኖ ነው የጀመረው። ሚቸል ኡጋንዳ ሲደርስ አፍሪካዊ ከፍተኛ ትምህርት ይማር የሚለውን ሐሳብ ብዙ ባልደረቦቹ አይወዱትም ነበር። እሱ ገፋበት። በ1937 ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ትምህርት የሚያጠና ኮሚሽን መጣ፤ ሰብሳቢው ያው ደ ላ ዋር ነበር። ኮሚሽኑ ማከሬሬ ከፍተኛ ኮሌጅ እንዲሆን መከረ፣ በ1949 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆነ። ከዚያ የወጡትን ሰዎች መቁጠር አያስፈልግም፤ ጁሊየስ ኔሬሬ አንዱ ነው።

የሚገርመኝ ግን ይህ ነው። ሚቸል ተማሪዎቹ ተምረው ሲወጡ ሥልጣን የሚጠይቁበትን ቀን ሩቅ አድርጎ ነበር የሚያየው፤ በትውልድ የሚቆጠር ሩቅ። ትምህርት ቤቱን ያሳደገው ሰው ራሱ ተማሪው ምን ያህል ቶሎ እንደሚደርስ አልገመተም።

ስለ ፊጂ ጽሑፉ ሁለት አንቀጽ ሰጥቷል። እኔ ብዙ አልልም። የጦርነት ጊዜ ነበር፣ ጃፓን ቅርብ ነበረች። ሚቸል እዚያም ከፊጂው አለቃ ከራቱ ሱኩና ጋር ሆኖ በ1944 የፊጂ ተወላጆችን አስተዳደር እንደገና አዋቀረ። የታንጋኒካው ዘዴ በደሴት ላይ ማለት ነው።

«የኬንያን አፈር ለማዳን ታገለ»

ታግሏል። አፈሩም እውነት ይሸረሸር ነበር። ሚቸል ስለ እርሻ ችግር ወደ ለንደን የላካቸው ረጃጅም ደብዳቤዎች ዛሬም ይነበባሉ፤ ሰውየው መጻፍ ይችላል። ለአፍሪካውያን መሬት ልማት የአሥር ዓመት ፕሮግራም የተጀመረውም በእሱ ጊዜ ነው።

ጥያቄው ከየትኛው መሬት ላይ ነው የሚለው ነው። በማዕከላዊ ኬንያ ኪኩዩ የሚባሉት ሕዝቦች በተከለለላቸው መሬት ላይ ተፋፍገው ነበር። ከአጥሩ ማዶ ግን ለአውሮፓውያን ብቻ የተያዘው «የነጮች ደጋ» አለ። በ1948 ቆጠራ መሠረት በኬንያ የነበሩት አውሮፓውያን ወደ 30 ሺህ፣ አፍሪካውያን ከ5 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። የሚቸል ምርመራ ሕዝቡ በዝቷል፣ አስተራረሱም መጥፎ ነው የሚል ነበር። መድኃኒቱ ደግሞ እርከን። ደጋው አይነካም።

እርከኑን ማን ሠራው? በሙራንጋ ሰዎች በሳምንት የተወሰነ ቀን በግዴታ እየወጡ ይቆፍሩ ነበር፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በ1947 ሴቶቹ አንወጣም አሉና ሥራው ቆመ። እርከን ምን እንደሚጠቅም ጠፍቷቸው አይደለም። ነገ የማን እንደሚሆን የማታውቀውን መሬት በነጻ ጉልበትህ አስተካክል ስትባል ምን ታደርጋለህ? የእኛም ገበሬ በጢሰኝነት ዘመን ይህን ጥያቄ ያውቀዋል።

ስለ ጢሰኝነት ካነሳን፣ ጽሑፉ ኦሌንጉሩኦኔ የተባለውን የሰፈራ ቦታ ጨርሶ አላነሳውም። እዚያ የነበሩት መንግሥት ራሱ በ1941 ያሰፈራቸው ኪኩዩዎች ናቸው። በኋላ፣ እዚህ የምትኖሩት እኛ ባወጣነው ደንብ ነው፣ እምቢ ካላችሁ ውጡ ተባሉ። እነሱ መሬቱ የእኛ ነው ብለው ሴቱም ልጁም ሳይቀር መሐላ ገባ። እስከ 1950 ድረስ እየተገፉ ተባረሩ። ታሪክ አጥኚዎች የማው ማውን የጅምላ መሐላ ከዚህ ቦታ ጋር ያያይዙታል። ይህ ሁሉ የሆነው «አፈር አዳኙ» ገዥ ናይሮቢ ተቀምጦ ሳለ ነው።

«ዘር የማይለይ መንግሥት ጀመረ»

ቁጥሩን እንይ። በ1948 የሕግ አውጪው ምክር ቤት ውስጥ የአውሮፓውያን ተመራጮች 11፣ አፍሪካውያን 4። አፍሪካውያኑም ሕዝብ የመረጣቸው ሳይሆኑ ገዥው የሰየማቸው ናቸው። በ1951 ለቀጣዩ ምክር ቤት የተወሰነው 14 ለ6 ነው። 30 ሺህ ሰው 14፣ 5 ሚሊዮን ሰው 6። ሁሉም ይሳተፋል የሚለው በወረቀት ልክ ነው።

ጆሞ ኬንያታ ከ15 ዓመት በኋላ በመስከረም 1946 ከእንግሊዝ ሲመለስ ሚቸልን አነጋግሯል። የተሰጠው ምክር በአካባቢ ምክር ቤት ገብተህ ልምድ ቅሰም የሚል ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኬንያታ የኬንያ አፍሪካውያን ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ። በዚያው በ1947 የሞምባሳ ሠራተኞች አጠቃላይ አድማ መቱ፤ መሪያቸው ቸጌ ኪባቺያ ታሰረ። በመስከረም አፕላንድስ በተባለው ቦታ ባለ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ፖሊስ በአድመኞች ላይ ተኩሶ ሦስት ሰው ሞተ። በ1950 ናይሮቢ ላይ የሠራተኛ ማኅበር መሪዎቹ ማካን ሲንግና ፍሬድ ኩባይ ታሰሩ፣ ከተማዋ በአድማ ተናጠች። በበሩ የመጣውን ሁሉ ሂድና ልምድ ቅሰም ካልከው፣ መንገድ ላይ ስታገኘው ደግሞ ካሰርከው፣ የት ይሂድ?

ሚቸል ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ ሐሳብ ነበረው። በ1890 አካባቢ የምሥራቅ አፍሪካ ሰው መንኮራኩር፣ ማረሻ፣ ገንዘብም ሆነ ከተማ አልነበረውም፤ ስለዚህ ገና ብዙ ይቀረዋል ይላል። የስዋሂሊ ጠረፍ የድንጋይ ከተሞችና ጽሕፈት ለ16 ዓመት በኖረበት በታንጋኒካም ነበሩ። ይህን ሳነብ ትንሽ የሚያሳስበኝ ግን የእኛ አንባቢ ነው። «እኛ ማረሻም ፊደልም ነበረን» ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። ማረሻና ፊደል ያላትን ኢትዮጵያንም ይኸው ሰው በአማካሪና በዳኛ ሊከብባት ሞክሯል። መመዘኛውን ያወጣው እሱ፣ የሚያርመውም እሱ ከሆነ፣ ማንም አያልፍም።

«ማው ማው የመጣው እሱ ከወጣ በኋላ ነው»

ይሄኛው የቀን ጉዳይ ብቻ ነው። ማው ማው በሕግ የታገደው በነሐሴ 1950 ነው። ያገደው የሚቸል መንግሥት ነው። የሌለ ነገር አይታገድም።

በየካቲት 1952 ልዕልት ኤልሳቤጥ ለጉብኝት መጥታ በኒየሪ አካባቢ አረፈች፤ አባቷ መሞቱን የሰማችውም እዚያው ነው። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ወራት በዚያው በኒየሪ ለመንግሥት ያደሩ ሰዎች ቤት እየተቃጠለ፣ በመንደሮች ላይ የጅምላ ቅጣት ይጣል ነበር። ሚቸል በሰኔ ጡረታ ወጣ። ተተኪው ኤቨሊን ቤሪንግ መስከረም 30 ደረሰ። ጥቅምት 7 የኪኩዩው አለቃ ዋሩሂዩ ተገደለ። ጥቅምት 20 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተፈረመ። ሰላማዊ አገር አራት ወር ውስጥ እንዲህ አይሆንም።

ስለ ማው ማው አመጣጥ በ1960 የወጣው የእንግሊዝ መንግሥት የኮርፊልድ ሪፖርት ራሱ ሚቸል ማስጠንቀቂያ አልሰማም ብሎ ወቅሶታል። እኔ ግን በዚህ ወቀሳም አልስማማም። ሪፖርቱ ችግሩን የመረጃ ጉድለት አድርጎ ያየዋል፤ ፖሊስ ቀድሞ ቢሰማ ይቀጭ ነበር ዓይነት ነገር። መረጃው ፊት ለፊት ነበር። ሙራንጋ ላይ፣ ሞምባሳ ላይ፣ ኦሌንጉሩኦኔ ላይ ሰዎቹ ጮኸው ተናግረዋል። የሚናገሩት በአድማና በመሐላ ስለሆነ ሚቸል እንደ ሐሳብ አልቆጠረውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ካምፕ፣ ስቅላትና ድብደባ በሚቸል ላይ አልጭንም። 1,090 ሰዎች የተሰቀሉት ከእሱ በኋላ፣ በቤሪንግ ዘመን ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ2013 ለ5,228 ተጎጂዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል የተስማማውም ለዚያ ጊዜ በደል ነው። ሚቸል በወንበሩ በነበረበት ሰዓት ግን ሌላ መንገድ ክፍት ነበር።

«በዘመኑ ሚዛን ይመዘን»

እሺ፣ በዘመኑ እንመዝነው። በኅዳር 1947 የአፍሪካ ገዥዎች ለንደን ላይ ተሰበሰቡ። የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ አርተር ክሪች ጆንስና ባለሥልጣኑ አንድሩ ኮኸን አፍሪካውያን ወደ ራስ አስተዳደር የሚሄዱበትን ዕቅድ አቀረቡ። ሚቸል ከዋነኞቹ ተቃዋሚዎች አንዱ ነበር። ዕቅዱን ያቀረቡት እኮ የዛሬ ሰዎች አይደሉም። የእሱው መንግሥት፣ የእሱው አለቆች ናቸው።

በ1951 በጎልድ ኮስት (በዛሬዋ ጋና) ምርጫ ተደረገ። ንክሩማ አሸነፈ፤ ገዥው ቻርልስ አርደን ክላርክ ከእስር ቤት አውጥቶ የመንግሥት ሥራ መሪ አደረገው። በዚያው ዓመት ኬንያ ላይ ሚቸል 14 ለ6 እየተባለ የሚጨቃጨቅ ምክር ቤት ይመራ ነበር። ሁለቱም የእንግሊዝ ገዥዎች ናቸው፣ ሁለቱም በአንድ ዘመን።

ደግሞ ሌላ አለ። በ1951 ሚቸል የምሥራቅ አፍሪካን የመሬትና የሕዝብ ጉዳይ የሚያጠና ንጉሣዊ ኮሚሽን እንዲቋቋም ለንደንን ጠየቀ። ተቋቋመ፤ በ1955 ሪፖርቱ ወጣ። በዘር ላይ የቆመው የመሬት አጥር ይፍረስ የሚል ምክር ሰጠ። ሚቸል ያን ጊዜ ጡረተኛ ነበር። የሚኖረውም በዚያው በነጮች ደጋ፣ ሱቡኪያ በሚባል ቦታ፣ በእርሻው ላይ ነበር።